ያልወረደች ቁራሽ

በእኛ ሲኒማ ቤት መብራት የሚበራው በጆሮ ነው። ፊልሙን የሚያጫውተው ሰውዬ፣ ሁላችንም ጋሽ ጨለማ የምንለው፣ በዚያች ጠባብ ክፍሉ ተቀምጦ ስክሪኑን አያይም። አንድን ፊልም አንዴ ካየው ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ጋዜጣው ላይ አንገቱን ደፍቶ የቃላት ጨዋታ ሲሞላ ይውላል። ፊልሙ ማለቁን የሚያውቀው ወንበር ሲታጠፍ ነው። ወንበሮቻችን አሮጌ የእንጨት ተጣጣፊዎች ስለሆኑ ሰው ሲነሳ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ። ሦስት አራት ወንበር ቀጭ ካለ ጋሽ ጨለማ ከጋዜጣው ቀና ሳይል እጁን ወደ ግድግዳው ይሰዳል፣ አዳራሹ ይበራል፣ እኔ በሩን እከፍታለሁ። ውጭ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሌላ ተመልካች ስላለ በዚህ አሠራር ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ሰው ሲገባም ሲወጣም ፊቱን ስለማይ የፊልሙን ጥሩነትና መጥፎነት ለማወቅ ፊልሙን ማየት አያስፈልገኝም እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር። ያ ፊልም እስኪመጣ ድረስ ጉራዬን የነካብኝ አልነበረም።

ፊልሙ ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ ቤተሰብ ነው። አባትየው የማይወደድ ሰው ነው፤ ሌላ ቃል ባፈላልግም አላገኘሁለትም። ከቤት ሲወጣ እሱ በሌለበት ማንም እንዳይከፍት የሬዲዮኑን ማዞሪያ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ስኳሩን ይቆልፋል። ሚስቱ የተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሶ መስታወት ፊት ይቆምና አውልቆ ይመልስላታል፤ ምኑ እንደጎደለ ግን አይነግራትም። መጨረሻ ላይ ወንድ ልጁ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ለምሳ ይዟት ሲመጣ ከሳህኑ ቀና እንኳ ሳይል ሁለታችሁም ውጡልኝ ይላል። ልጁ እጮኛውን ይዞ ይወጣል፤ እናትየው እያለቀሰች ትከተላቸዋለች።

ሕዝቡ ጠላው ብል ያንሳል። ሲወጡ ከመስኮቴ ፊት የማልሰማው እርግማን አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ያንን ማዞሪያ በጉሮሮው በሰነቀሩለት ብላ ስትራገም ባሏ ከኋላዋ አንገቱን ደፍቶ ይከተላታል፤ ቤታቸው ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ።

ፊልሙ በሚታይባቸው ሳምንታት በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ተዋንያኑ ይመጡ ነበር። መውጫው በር ላይ ተደርድረው ይቆሙና የሚወጣውን ሰው እየጨበጡ ይሸኛሉ። ልጅ የሆነውን ወጣት ያቅፉታል፣ እጮኛይቱን ይስሟታል፣ የእናትየውን እጅ ይዘው ያለቅሳሉ። አራተኛው ሰው ጋ ሲደርሱ ግን ሰልፉ መታጠፊያ እንዳጋጠመው ወንዝ ዞር ይላል። አባትየውን የሠራው ሰው ረዘም ያለ፣ ከትከሻው ጎበጥ ያለ ጎልማሳ ነው። ግራጫ ኮት ለብሶ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ማንም አይጨብጠውም። እናቶች ልጆቻቸውን በወዲያኛው ጎናቸው አዙረው ያልፋሉ። እሱም እጁን ሳይሰበስብ ለሚቀጥለው ሰው ፈገግ ይላል።

እኔ ግን በመጀመሪያው እሑድ ያየሁትን አይቻለሁ። በሩን ልከፍት ከመጋረጃው አጠገብ ቆሜ ነበር። ልጁና እጮኛው እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ለመንገድ ሲሄዱ ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ወንበሮቹ ቀጭ ቀጭ አሉ፣ መብራት በራ። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ዞር ስል ስክሪኑ ገና አልጠፋም። በመብራቱ ነጥቶ፣ ብዙ እንደታጠበ ጨርቅ ደብዝዞ፣ አባትየው ብቻውን ገበታው ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ያልተነኩ ሳህኖች አሉ። አንድ ቁራሽ ዳቦ አፉ ከተተ። አኘከ። መንጋጋው ይሠራል፣ ጉሮሮው ግን አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው። እያኘከ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ለስክሪኑ ጀርባዋን ያልሰጠች እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰዎቹ ኧረ ክፈችልን እስኪሉኝ ድረስ ደርቄ ቀረሁ። ያንን ማኘክ አውቀዋለሁ። እኛ ቤት የሆነ ነገር ነው።

አባባ የጂኦሜትሪ መምህር ነበር። ዳቦ ሲቆርጥ እንኳ ማስመሪያ ያስደገፈ ይመስል ነበር። አንድ ወንድ ልጁን፣ ወንድም ጋሼን፣ ከእሱ የሚበልጥ መምህር ሊያደርገው ቆርጦ ተነሳ፤ የወንድም ጋሼ ነፍስ ደግሞ ሞተር ውስጥ ነበረች። አንድ ቀን ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ መግባቱን ሳይደብቅ ምሳ ሊበላ መጣ። እጁን ታጥቧል፤ ዘይቱ ግን ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም። ዳቦ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ አባባ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው። "በዚህ እጅህ የእኔን ዳቦ አትነካም" አለው፤ ሳይቆጣ፣ ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ተማሪ በሚያርምበት ድምፁ። ወንድም ጋሼ ተነሳ፣ ጃኬቱን ከወንበሩ አነሳ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ። እማማ ተከትላው ሮጠች። ገበታው ላይ አባባና እኔ ቀረን። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ መነሳት ፈርቼ ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቀረሁ። አባባ ቁራሽ ዳቦ አፉ ከተተና ያኝክ ጀመር። አልዋጣትም። ግድግዳ ግድግዳውን እያየ አኘካት፣ አኘካት፣ በመጨረሻ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ምን እንዳደረጋት አላየሁም።

ይህንን ለወንድም ጋሼ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የእማማ ቀብር ላይ እንኳ፣ እሱ በወዲያ አባባ በወዲህ ቆመው ሳለ፣ ሄጄ ጆሮው ላይ ነግሬዋለሁ። ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው። "ጥርሱን ያመው ነበር" ይላል። በዚያ ሰሞን አባባ እውነትም መንጋጋው አብጦ ነበር። እኔን ደግሞ የሚያናድደኝ ይሄው ነው፤ ምክንያቱም ሌሊት ብቻዬን ስሆን እኔም ምናልባት ጥርሱን ቢሆንስ እላለሁ።

አሁን አባባ እኔ ቤት ነው። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ወስዶበታል፤ ያ ከተማ የሚያንቀጠቅጥ አፉም አንዲት ቃል አታወጣም። ያንን ሁሉ ለምደነው ነበር። በቅርቡ ግን ምግብ ተወ። ማንኪያ ሳቀርብለት ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሐኪሙ ጉሮሮው ደህና እንደሆነ፣ መዋጥ እንደሚችል፣ የማይበላው ስላልፈለገ እንደሆነ ነገረኝ፤ በዚሁ ከቀጠለ ደግሞ ብዙ እንደማይቆይ አልደበቀኝም። ወንድም ጋሼ ይህን ሁሉ ያውቃል። መድኃኒቱን እየገዛ ትኬት መቁረጫ መስኮቴ ላይ ያስቀምጥልኛል። ቤት ግን አይመጣም። ና ስለው ፊቱን ያጠቁርና ሞተር ይዣለሁ ይላል፤ ሁሌም ሞተር ይዟል።

እንግዲህ ያንን ተዋናይ እንዴት እንዳየሁት ፍረዱኝ። የእረፍት ቀኔን ሰውቼ ፊልሙን እንደ ሰው ተቀምጬ አየሁት። ክፉ ሰው የሚሠሩ ተዋንያን ብዙ አይቻለሁ፤ ቅንድባቸውን ይሰቅላሉ፣ ይስቃሉ፣ ወይ ደግሞ መሐል ላይ እኔ እኮ ደግ ሰው ነኝ እያሉ በዓይናቸው ይለምኑናል። ይሄ ሰው አይለምንም። የሬዲዮኑን ማዞሪያ ሲነቅል በጭካኔ አይነቅልም፤ ከቤት ሲወጣ ምድጃ እንደሚያጠፋ ሰው በጥንቃቄ ነው የሚነቅለው። ቤቱን ከአደጋ የጠበቀ ይመስለዋል። አባባም እንዲህ ነበር። በሕይወቴ ሙሉ አባቴ ጨካኝ ነው ለሚሉኝ መልስ አጥቼ ኖሬ፣ የማላውቀው ሰው መልሱን አፉን ሳይከፍት ሰጠልኝ። በዚያ ቀን አልቅሼ ወጣሁ፤ ሰው የፈለገውን ይበል፣ ሰውዬውን ወደድኩት።

ቀጣዩ እሑድ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሌሎቹ ተዋንያን በአንድ መኪና ተጭነው ሄዱ፤ እሱ መኪናው ሞላበት መሰለኝ ከበሩ ጥግ ተጠልሎ ቀረ። ወንበሬን ከትኬት ክፍሉ አውጥቼ ሰጠሁት። ዘለፋዬን የሚጠብቅ ይመስል ጠርጠር አድርጎ አየኝና ተቀመጠ።

"ያቺን አልወርድ ያለችዎትን ቁራሽ አይቻታለሁ" አልኩት።

ቀስ ብሎ፣ "ትታያለች እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ልጅ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ መጣ፤ ወሬውን ለቀቀው። የፊልሙ ጽሑፍ ላይ አባትየው ልጁን አባሮ ሰዓት ወደ መጠገኑ ይመለሳል ነበር የሚለው። እሱ ግን ቀረጻው ቀን እዚያው ገበታ ላይ ልቀር ብሎ ለመነ። ሰውዬው መብላቱን ካቆመ ተሸነፈ ማለት ነው፣ ስለዚህ ይበላል፣ ግን አይወርድለትም አለኝ። ያቺን ቁራሽ ካገኘ በኋላ ሌላው ሁሉ ቀለለው፤ ማዞሪያውን ሲነቅል፣ ሸሚዙን ሲመልስ እሷን እያሰበ ነበር። ታዲያ በየሲኒማ ቤቱ በር ላይ ሲቆም አንድም ሰው ስለ እሷ አንስቶ ስለማያውቅ አልሆነችልኝም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ከእንግዲህ በር ላይ መቆሙንም ሊተው አስቧል።

ሰውዬውን ይወዱታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"አልወደውም" አለ። "ጎረቤቴ ቢሆን ሰላም አልለውም። ግን አልዋሸሁበትም።"

በዚህ ጊዜ ነው ስለ ጋሽ ጨለማና ስለ ጆሮው የነገርኩት። ሙዚቃው ከፍ ሲል ሰው ያለቀ እንደሚመስለው፣ ወንበር ሲታጠፍ መብራት እንደሚበራ፣ ቁራሿ በጀርባዎች መሐል ታኝካ እንደምትቀር። መጀመሪያ አላመነኝም፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ እዚያው ደረቀ። የአባባንና የወንድም ጋሼን ነገርም ዘረገፍኩለት። ለማንም የማላወራውን ለእሱ ማውራቴ አላሳፈረኝም፤ እሱ እዚያ ክፍል የነበረ ያህል ነው። ሰምቶ ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ልጁ ከወጣ በኋላ አባቴ ወደ በሩ አይቶ እንደሆነ። ፈጽሞ አላየም አልኩት። "ልክ ነው" አለ፣ ብሎን በቦታው እንደገባለት ሠራተኛ ደስ ብሎት። ወዲያው በደስታው አፈረና ይቅርታ ጠየቀኝ። ዝናቡ ሲያባራ ከመሄዱ በፊት፣ ወንድሜን ካመጣሁት በሚቀጥለው እሑድ በር ላይ እንደሚቆም ቃል ገባልኝ።

በማግስቱ ጋራዥ ሄድኩ። ወንድም ጋሼ ከጭነት መኪና ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከጫማው ጋር አወራሁ። ፊልም ልጋብዝህ ስለው ጫማው ያንን ፊልም በነፃ እቤታችን አይቼዋለሁ አለኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ስለዚያ አባት እያወሩ አሰልችተውታል። አባባ ዛሬም ማንኪያ መግፋቱን ስነግረው የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ ቤት ና አላልኩህም፣ እስከ መጨረሻው ተቀመጥ ነው ያልኩህ፤ አንተን ለራሴ ብዬ አንድ ነገር ለምኜ አላውቅም፣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው አልኩት። በመጨረሻ ለአንቺ ስል ነው አለ። የማን ልጅ እንደሆነ በዚያ ድምፁ ታወቀ፤ እሺ ሲል እንኳ የተቆጣ ይመስላል።

የቀረኝ ጋሽ ጨለማ ነበር። መብራቱን ስክሪኑ ሳይጠፋ አታብራው ስለው ያበድኩ መሰለው። ሰው በጨለማ ተደናቅፎ አንገቱ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው አለኝ። ወንበር ሲታጠፍ መብራት ይበራል፣ እዚህ ቤት ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ እንዲሁ ነው አለኝ። ጋዜጣህን እቀድብሃለሁ ብዬ እስከማስፈራራት ደረስኩ። ኋላ ግን እውነቱን ነገርኩት። አባባ እሱንም አስተምሮታል፤ ገርፎታልም። መዳፉን አሻሸና ሁለት እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ አለኝ።

እሑድ ወንድም ጋሼ የክት ሸሚዙን ለብሶ መጣ። መሐል ረድፍ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማዞሪያው ሲነቀል ሰው አጉረመረመ፤ እሱ ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። ሸሚዙ ሲመለስ ሰው ተሳደበ፤ እሱ ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን ጨበጠ። የምሳው ትዕይንት ላይ መተንፈሱን አልሰማሁትም። ልጁ እጮኛውን ይዞ ወጣ። ሙዚቃው ከፍ አለ። ሰው አጨበጨበ። ቀጭ አለ አንዱ ወንበር። ቀጭ፣ ቀጭ። ወንድም ጋሼም በቃ ብሎ ሊነሳ ከወንበሩ ከፍ አለ። ክንዱን ያዝኩት።

መብራት በራ።

እጅ የለመደውን ያደርጋል፤ የጋሽ ጨለማ እጅ ከጭኑ ሥር ሾልካ ሄዳለች። ከላይ ከክፍሉ ሲሳደብ ተሰማ፣ ራሱን ነው የሚሳደበው፣ ወዲያውም አዳራሹ መልሶ ጨለመ። ሰው ሁሉ ባለበት ተተከለ። በጨለማ መንቀሳቀስ የፈራው ተቀመጠ፣ የቆመውም መብራት የሄደ መስሎት ወደ ብቸኛው ብርሃን፣ ወደ ስክሪኑ ዞረ። እዚያ አባትየው ተቀምጧል። ቁራሹን አፉ ከተተ።

አኘከ። መጀመሪያ ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ይነቅህ አለ። ማንም አልሳቀለትም። መንጋጋው ይሠራል፣ ጉሮሮው አይወርድም፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው። አሁን ፊቱ አልደበዘዘም፤ በጨለማው ውስጥ ከአዳራሹ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ ነበር። ያልተነኩት ሳህኖች ላይ ዝንብ አረፈች፤ እሷን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። አኘከ፣ አኘከ፣ ሰው ሁሉ አብሮት ምራቁን ለመዋጥ ሲታገል ተሰማኝ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያም መብራት በራ፣ በዚህ ጊዜ በሰዓቱ።

ወንድም ጋሼ አልተነሳም። ፊቱን ማየት ስላልደፈርኩ እጁን አየሁ። አውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶች ጥፍር እየፋቀ ነበር፣ ያን የማይለቀውን ጥቁረት።

በር ላይ ሰልፉ እንደወትሮው አልነበረም። ልጁንና እጮኛይቱን ጨበጡ፣ እናትየውን ጨበጡ፣ አራተኛው ጋ ሲደርሱ ግን መራመዳቸው ከበደ። አንዲት አሮጊት እጁን ባትጨብጠውም ከፊቱ ቆም ብላ ጭንቅላቷን ነቅንቃ አለፈች። ያ ለእሱ ብዙ ነበር፤ ዓይኑ ሲሞላ አየሁ። ወንድም ጋሼ ተራው ደርሶ ከፊቱ ሲቆም ደግሞ ሰው ወደ ኋላ ሸሸ። ወንድም ጋሼ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ሊመታው ነው ብለው ነው። እኔም አላመንኩትም።

"ለምን ተነስተህ አልተከተልከውም?" አለው። የማያውቀውን ትልቅ ሰው አንተ አለው። "በር ድረስ። በር ድረስ እንኳ።"

ተዋናዩ ከወንድሜ ትከሻ በላይ አሻግሮ አየኝ። ማን እንደሆነ ገባው። ፊልም ነው ወንድሜ ማለት ይችል ነበር። እንዲያ ቢለው ወንድሜ ይቅርታ ጠይቆ ይሄድ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያበቃ ነበር። እሱ ግን የተዘረጋ እጁን ሰበሰበ። ትከሻው ትንሽ ወረደ፣ አገጩ ጠበቅ አለ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚጠላው ሽማግሌ በቀን ብርሃን፣ በግራጫ ኮት፣ ከፊታችን ቆመ።

"አላወቅኩበትም" አለ። ቃሉን ከሩቅ እንዳመጣው አድርጎ አወጣው። "መነሳት አላወቅኩበትም፣ ልጄ።"

ወንድም ጋሼ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ቀጥሎ እጁን ዘረጋ፣ ተዋናዩም ጨበጠው። ብዙ ቆዩ። ከኋላ ካለው ሰው አንድም አልገፋም።

አብረን ወጣን። ወደ ጋራዡ የሚታጠፍበት ማዕዘን ስንደርስ ቻው ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቀጥ ብሎ ሄደ። እኔም ዓይኔን ሳላምን ተከተልኩት። ቤት ገብተን ጎረቤቴን፣ አባባን የምትጠብቅልኝን፣ አመስግኜ ሸኘሁ። ወንድም ጋሼ ጓዳ ገብቶ እጁን ታጠበ። በሳሙና፣ በብሩሽ፣ ደግሞ በሳሙና ታጠበ። ሲፈትግ በሩን አልፎ ይሰማኝ ነበር። ሲወጣ እጁ ቀልቶ ነበር፤ ጥፍሮቹ ሥር ግን ያው ነው።

አባባ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ተደግፎ ነበር። በሩ ላይ የቆመውን ሲያይ ደህናው ዓይኑ ተከፈተ፤ የታመመው ጎን ግን እንደ ወትሮው ዝም አለ። ሰላምታ አልተለዋወጡም። ወንድም ጋሼ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያቀረብኩትን ሳህን፣ ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦ ነው፣ ከእጄ ወሰደ። ማንኪያውን ስሰጠው አልተቀበለኝም።

በጣቱ ነው ያነሳው። የራሰችውን ቁራሽ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ወደ አባባ አፍ አቀረበና እዚያው አቆመው። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሊያዞር ጀምሮ ተወው። ጣቶቹን አየ። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ የሚያርማቸው ይመስል ቆጠራቸው፤ ጥቁረታቸውን አየ። የወንድም ጋሼ እጅ አልወረደችም። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ፤ የማላምንበት ጸሎት እንኳ አልቀረኝም።

አባባ አፉን ከፈተ።

ማኘክ ጀመረ። በወተት የራሰ ዳቦ መታኘክ አያስፈልገውም፣ ጥርስም አይጠይቅም፤ እሱ ግን አኘከው። መንጋጋው ይሠራል፣ ጉሮሮው ዝም ብሏል። ዓይኑን ግን ግድግዳው ላይ አልጣለም። ልጁ ላይ ነው። ወንድም ጋሼ ሳይቸኩል ጠበቀው፤ ሞተር እስኪሞቅ እንደሚጠብቅ ሰው፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ የአባባ ጉሮሮ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ወረደች።

"ጥርሱን አልነበረም" አለ ወንድም ጋሼ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም።

ሳህኑን እስኪጨርስ አበላው። ሲያበቃ የአባባን አገጭ በፎጣ ጠረገ፣ ጃኬቱን ከወንበሩ አነሳ፣ እንደዚያን ቀን። በሩ ጋ ሲደርስ እኔን ሳያይ ቆመ። ይቅር እንዳላለው እንዳውቅለት ነገረኝ፤ ይህን ደግሞ ፊልምም ሆነ ማንም እንደማያስለውጠው፣ ገና ብዙ እንደሚቀረው። እኔም እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ። ያ ተዋናይ ሰውዬውን አልወደደውም፤ ወንድሜም እንዲወደው የመጠየቅ መብት የለኝም።

እጀታውን ይዞ ትንሽ ቆየ።

"ነገ ምሳውን ስንት ሰዓት ነው የሚበላው?" አለኝ።